ወይራዋን ማን ቀነጠሳት?

በጥቅምት ሚካኤል ማግስት፣ ገና በማለዳው፣ መኳንንት ሻዩን ይዞ ወደ በረንዳው ብቅ አለና ወይራዋን ሲያያት ሻዩ እጁ ላይ ቀረ።

«እዚህ ጋ የነበሩት የታሉ?» አለ ለራሱ።

በግራ በኩል፣ ሦስተኛዋ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ፣ አራት ለጋ ቅጠሎች ነበሩ። ከትናንት በስቲያ ነበሩ። ቅርንጫፏ እዚያ ጋ ሳሳ ብላ ክፍተት ስለታየባት፣ አድገው ይሞሉልኛል ብሎ ወር ሙሉ መቀስ ሳያስነካ የተዋቸው እሱ ራሱ ነው። አሁን ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ ሸክላዋ ሥር ፈለገ፤ የወደቀ ቅጠል የለም። ድመት ትሆን ብሎ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ድመት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወይራ የምትቀነጥሰው? ወፍም አይደለም። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እሱ እዚያው ቆሞ ቀረ።

«ለአራት ቅጠል ነው ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። የገዛ ልጁ ውዳሴም ሐዋሳ ሆና ስልክ ስትደውል «አባዬ፣ ዛፍህ እንዴት ነች?» ብላ ስቃ ነው እሱን ስለ ጤናው የምትጠይቀው። ግን እንዲህ የሚስቅ ወይራዋን በደንብ ያላያት ነው። ከጉልበት አታልፍም፤ ዝርግ ሸክላ ላይ ቆማ ሲያዩዋት ግን አንዳች የደብር ዛፍ ነች። ግንዷ የተጠማዘዘ፣ ቅርፊቷ የተሰነጣጠቀ፣ ቅርንጫፎቿ ደረጃ በደረጃ የተዘረጉ። ቦንሳይ ይባላል በጃፓኖቹ አገር። የቤቴል ሰፈር ግን «የመኳንንት ድንክ» ነው የሚላት፤ ሰፈሩ ስም ለማውጣት ማን ብሎት!

መኳንንት ሾፌር ነበር። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ዓባይ በረሃ ላይ መንገድ ሲሠራ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ይዞ ይዞር ነበር። አንድ ቀን ሰውየው ድንገት «አቁም! አቁም!» አለና ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ገደል አፋፍ ላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ፣ አንዲት የቀነጨረች ወይራ በቅላለች። ሰውየው ፊቷ ቆሞ አንገቱን ደፋ፤ ለሹም እንደሚደፉት። መኳንንት ፀሐይ መታው ብሎ ውሃ ሊያመጣለት ነበር።

«ይሄን ዛፍ ፍየል ነው የሠራው» አለ መሐንዲሱ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። «ፍየል አይቆርጥም። ጫፍ ጫፍ ይቀነጥሳል፤ ሁልጊዜ። አንተ ፍየሉን እስክታክል ሃያ ዓመት ይፈጅብሃል።»

ነቅለው አመጧት። ሥር እንዴት እንደሚከረከም፣ ቅርንጫፍ እንዴት በመዳብ ሽቦ ተጠምዝዞ እንደሚታረቅ፣ ሽቦው ቅርፊቱን ሳይነክስ መቼ እንደሚፈታ፣ ሁሉን ሁለት ዓመት አስተምሮት ወደ አገሩ ሄደ። መኳንንት ከዚያ ወዲህ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ ለመልቀም አየር ጤና ያሉትን ጋራዦች ሲያስቸግር፣ በየሦስት ዓመቱ አፈሯን ሲለውጥ፣ አንዲት ቅርንጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ እንድትል አራት ክረምት ሲጠብቅ ኖረ። ሚስቱ አስካለማርያም ትስቅበታለች።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉ። እንቁላሉ እንኳን በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበላ። ያንተ ዛፍ ግን ያው ነች!»

እሱ ግን የሚያምንበት አንድ ነገር ነበረው፤ የሚካኤል ማኅበሩ ላይ ጠላ ቀመስ ሲያደርግ ለጓደኞቹ የሚያወራው። ሥራ ላይ እያለ ወር ሙሉ ክፍለ ሀገር ቆይቶ ሲመለስ፣ ወይራዋ ትቷት የሄደውን መልክ ይዛ ትጠብቀዋለች። እንደ ሌላው ዛፍ አትንዘራፈፍም። «ሐሳቤን ታውቃለች» ይል ነበር። «ሳልነግራት ነው የምትሰማኝ።» ጓደኞቹ «ጠላው ነው» ይሉታል።

እንግዲህ ይቺ ሐሳብ አዋቂ ወይራ ናት ጥቅምት ላይ አራት ቅጠል የጎደለባት።

መኳንንት መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ከፋሲካ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ነገሩ ሁሉ አልጨበጥ ብሎታል። በር ጎን ካለችው ምስማር ላይ የሰቀለው ቁልፍ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይገኛል። እሱ እንደሰቀለው ይምላል፤ ቁልፉ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው። ሽሮው አንድ ቀን ጨው በዝቶበት አፉን አቃጠለው፤ በማግስቱ ጨው የሚባል የለውም። ምላሴም ከዳኝ አለ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤው ጀርባ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አገኘ፤ ጠብታ ነች። መቼ እንደገዛት፣ ለምኑ እንደታዘዘችለት ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። አስካለን እንዳይጠይቅ ፈራ፤ «ረሳኸው እንዴ?» ብትለውስ? መልሶ ቦታዋ አስቀመጣት።

ፍርሃቱ ሥር አለው። አባቱ ብቸና ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው ነው መዘንጋት የጀመሩት። መጀመሪያ ከብት ቆጥረው ይረሳሉ፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ በመጨረሻ መኳንንት ሊጠይቃቸው ሲሄድ አተኩረው አዩትና «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። «የእርስዎ ነኝ፣ አባባ።» «እኔ ልጅ የለኝም» አሉ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። መኳንንት አሁን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ያቺን ቃል አንድም ቀን ረስቷት አያውቅም።

ስለዚህም ከአምስት ዓመት በፊት ከደግፌ ጋር ተማምኗል። ደግፌ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። «የቆረጥኩትን ማስታወስ ያቃተኝ ቀን እደውልልሃለሁ፤ መጥተህ ትወስዳታለህ» ብሎታል። «የሚረሳ እጅ የሃያ ዓመት ዛፍ በአንድ ጠዋት ይገድላል።» ደግፌም «ኧረ ጋሼ፣ ያ ቀን አይምጣ» ብሎ ነበር። መኳንንት ወይራዋን አሳልፎ መስጠቱ ዛፍ መስጠት ብቻ አይደለም፤ «አባቴን ሆኛለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ያን ፊርማ ደግሞ ሞቱን ያህል ይፈራዋል።

ደብተር ገዛ። የቆረጠውን ሁሉ ከነቀኑ መጻፍ ጀመረ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ጥቅምት ሙሉ ደብተሩና ወይራዋ ተስማሙ። ደስ አለው። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ግን፣ ጉድ ፈላ! አሥራ አንድ ጫፍ ጠፍቷል። ደብተሩ ላይ አንድም የለም።

አሁን ጥርጣሬው ወደ እዮኤል ዞረ። እዮኤል ሰርቪሱን የተከራየ፣ አየር ጤና ስልክ የሚጠግን የጴንጤ ልጅ ነው። አንዴ በቀልድ «ጋሼ፣ ይሄ ዛፍ በሽቦ ታስሮ ሲኖር አያሳዝንዎትም? እኛ ጋ ቢሆን ተጸልዮለት ይፈታ ነበር» ብሎታል። መኳንንት ያኔ ስቆ ነበር፤ አሁን ግን ቀልዱ ትዝ ሲለው ደሙ ፈላ። በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«እዮኤል፣ አባትህ እንደማለት ነኝና እውነቱን ንገረኝ። ዛፌን ነክተሃል?»

«እኔ? ጋሼ፣ በእሷ አጠገብ ሳልፍ እኮ ትንፋሼን ውጬ ነው። ብሰብራት በዚያው ቀን ዕቃዬ ውጭ እንደሚያድር መች አጣሁት?»

ሳቁ ከልቡ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይስቅም። ይልቅ ነገሩን ሲሰማ አዘነና «ፎቶ እናንሳት» አለ። «በየቀኑ። መቼ እንደምትነካ ይታወቃል።» በየማለዳው ከሥራ በፊት በስልኩ ሲያነሳት ከረመ፤ ኅዳር አሥራ አንድ ማታ ውዳሴ መጥታ በስልኳ ያነሳቻትም ነበረች። አስተያዩአቸው። ሌላውን የወር ቀን ሁሉ ማንም አይነካትም። ከአሥራ አንደኛው ቀን ማታ እስከ አሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ድረስ ግን አንድ እጅ ይገባል።

«የሚካኤል ለት ነው» አለ እዮኤል ግራ ገብቶት። «ለምን በሚካኤል?»

መኳንንት ስልኩን መልሶለት ወደ ቤቱ ገባ። 

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚካኤል በዚህ ቤት መቀስም መጥረቢያም አይነሳም። የመኳንንት አባት በሚካኤል እንጨት የፈለጠ የጎረቤት ሰው መጥረቢያው ቅልጥሙን እንዴት እንዳገኘው እየነገሩ ነው ያሳደጉት። አስካለ ደግሞ ከእሱ ትብሳለች፤ በሚካኤል መርፌ እንኳን አትነካም፤ ቅዳሴ አስቀድሳ ትመጣለች፣ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፣ ቢበዛ ምስር ትለቅማለች፣ በቃ። እዮኤል ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው። እሱ ራሱ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ 18 ማዞሪያ ማኅበሩ ቤት ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠላ ቀምሶ። እንግዲህ ማን ቀረ? ጠላ ቀምሶ የተመለሰ፣ የሚረሳ፣ አባቱ የረሱ አንድ ሽማግሌ። በበዓል መቀስ አንስቶ ዛፍ የሚቆርጥና የማያስታውስ። ኃጢአቱም ዝንጋታውም በአንድ ላይ መጣ።

ለማረጋገጥ ያህል አስካለን ጠየቃት፤ ዝም ብሎ እንደዋዛ።

«አስኩ፣ ወይራዋን ነክተሻት ታውቂያለሽ?»

«እኔ? በሚካኤል መቀስ አንስቼ አውቃለሁ?» አለችው፤ ፊቷን ወደ ጓዳ አዙራ።

እሱ ስለ ሚካኤል አላነሳም ነበር። ይሄንን ልብ ማለት የሚገባው ሰው ግን ያን ሰሞን ልቡ ራሱ ላይ ብቻ ነበር፤ «እሷማ አታደርገውም» ብሎ ወጣ። ወይ መኳንንት!

ታኅሣሥ ሚካኤል ደረሰ። መኳንንት ዛሬ ጠላ አልቀምስም ብሎ ማለ። መቀሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለእዮኤል ሰጠው። ከመውጣቱ በፊት ወይራዋን ከላይ እስከ ታች አያት፤ በተለይ ቁንጮዋን። የዛሬ ስድስት ዓመት በረዶ የድሮ ቁንጮዋን መቶባት ነበር። ከጎን የበቀለችን አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ በሽቦ አቅንቶ፣ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እያነሳ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አዲስ ቁንጮ አድርጎ አሳድጓታል። ዘንድሮ ሽቦው ተፈትቶላት ገና በራሷ መቆሟ ነው።

ማኅበሩ ላይ ውሃ ጠጣ። ጓደኞቹ «ምን ነካህ፣ ታመምክ እንዴ?» አሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ገባ።

ቁንጮዋ የለችም።

ተገንጥላለች። ቁስሉ እርጥብ ነው፤ ቅርፊቱ ወደ ታች ተልጦ ተንጠልጥሏል። መኳንንት ኪሱን ዳበሰ፤ መቀስ የለም። እጁን አየ፤ እጁ ምንም አይልም። አሁን ገብቼ ነው ወይስ ቅድም ገብቼ ወጥቼ ነበር? ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ እርግጠኛ መሆን አቃተው። ዱካው ላይ ዝርፍጥ አለ።

አስካለ በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ዓይኖቿን ጨፍናለች። እያንጎላጀጀች መሰለው።

«አስኩ።»

«አቤት።»

«ዛሬ እዚህ ማን መጣ?»

«ማንም።»

«እኔስ? ቀድሜ… ገብቼ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው? አሁን መግባትህ አይደል?»

«ቁንጮዋ የለችም።»

ጣቶቿ ምስሩ ላይ ቀጥ አሉ። «የቱ ቁንጮ?» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ሌላ ምን ቁንጮ አላት! ስድስት ዓመቴ ነች!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ጩኸቱ አሳፈረው።

አስካለ ተነስታ ወደ ቤት ስትገባ ትከሻዋን መቃኑ መታት። ከውስጥ ስታነፈንፍ ተሰማው። «አወቀች» አለ በልቡ። «ለእኔ ነው የምታለቅሰው።» ስልኩን አወጣና ደግፌ ጋ ደወለ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደግፌ ባጃጅ አስቁሞ፣ የሚጠቀልልበት ብርድ ልብስ ይዞ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ።

«ጋሼ፣ ቆርጠዋል?»

«ቆርጫለሁ። ችግሩም እሱ ነው፤ መቁረጤን አላውቅም» አለ መኳንንት፤ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ደግፌ ከማንሳቱ በፊት ተንበርክኮ አያት። ቁስሉን በጣቱ ዳሰሰ። ሸክላዋን ቀስ አድርጎ አዞራት። እንደገና አዞራት። ግንባሩ ተቋጠረ።

«ጋሼ፣ ቁንጮዋ በመቀስ አይደለም የተቆረጠችው። በእጅ ተገንጥላ ነው። እርስዎ በጥፍር ይቀነጥሳሉ?»

«እኔ? በሕይወቴ!»

«ታዲያ ይሄስ?» ሌላ ጫፍ አሳየው። «ይሄስ? ይሄን ይዩ፤ ይሄ የዚህ ወር አይደለም፤ የቆየ ነው። ይሄ ደግሞ ከዚያ የቆየ።» ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ የዛፍ ነገር የማላውቅ ልጅ አይደለሁም። ይሄ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ቀጭን ቅርንጫፍ በመቀስ አይመጣም። ለጋውን ሳይጠነክር፣ ጫፍ ጫፉን፣ በጥፍር፣ ለዓመታት የቀነጠሰ ሰው ነው ይሄን ያወጣው። እኔ ለደንበኛ ‹የጋሽ መኳንንትን እጅ ሄዳችሁ እዩ› የምለው ይሄንኑ ነው። የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው?»

መኳንንት ደግፌን አየ፤ ወይራዋን አየ። ነገሩ ጨርሶ ዞረበት። ለዓመታት? እንግዲህ የረሳው የዚህን ዓመት ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት በጥፍሩ ሲቀነጥስ ኖሮ አንዱንም አያስታውስም ማለት ነው። 

«ደግፌ፣ ውሰዳት» አለ። «ውሰድልኝ ፈጥነህ። አእምሮዬ ከዳኝ። ለካ ዛሬ አይደለም የከዳኝ፤ ድሮ ነው። ቁልፍ አስቀምጬ አላስታውስ፤ ጨው በላሁ አልበላሁ አላውቅ፤ መድኃኒት ገዝቼ የምኔ እንደሆነ አላውቅ። አባቴ ‹የማን ልጅ ነህ› ብሎኛል፤ እኔም ነገ ውዳሴን እንደዚያ እላታለሁ።»

«ኧረ በሚካኤል!»

አስካለ ናት። መቃኑን ይዛ ቆማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ በሆድህ ይዘህ ነው የከረምከው? ደግፌ፣ ተው አታንሳት፤ አስቀምጣት። ፍየሏ እኔ ነኝ።»

«ምንድን ነሽ?» አለ መኳንንት።

«ፍየሏ! መሐንዲስህ ያለህ። እኔ ነኝ የምቀነጥሳት።» ነጠላዋን ሰበሰበችና ቀስ ብላ፣ በእግሯ እየዳበሰች፣ አንዷን ደረጃ ወረደች። «ገና ያመጣሃት ሰሞን ደጀን ወርደህ ሁለት ወር ቆየህ። ውሃ አጠጪ ብለኸኝ አጠጣኋት፤ እሷ ደግሞ ጨፈቃ ሆና አረፈችው። እንደ ጎመን ጫፍ ጫፏን ቀነጠስኳት። ስትመጣ ልነግርህ ስል፣ ‹አየሽ፣ ትቻት የሄድኩትን መልክ ይዛ ጠበቀችኝ፤ ሐሳቤን ታውቃለች!› ብለህ ልትዘል ደረስክ። ምን ልበል? ደስታህን ከአፍህ ልቀማህ? ዝም አልኩ። በሌላው ጊዜም ዝም አልኩ። ከዚያማ ለምዶብኝ፣ አንተ ስትወጣ እኔ ወደ እሷ ነኝ። ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ከቤት የምትጠፋው በሚካኤል ብቻ ሆነ፤ በሚካኤል ቀረሁ። ደግሞ መቀስ አልነካሁም! ጎመን መቀንጠስ ሥራ ከሆነ ካህኑ ይንገሩኝ።»

 መጀመሪያ ለመኳንንት የመጣለት፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ደስታ ነው። ከእግሩ ጥፍር እስከ ራሱ የሞላ ደስታ። አልረሳሁም! ጤነኛ ነኝ! አባቴን አልሆንኩም! ሊጮህ ምንም አልቀረውም፤ የደግፌን ትከሻ ጨበጠና መሳቅ ጀመረ።

«ታዲያ አንቺ፣» አለ እየሳቀ፣ «ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ አሳምረሽ ቀንጥሰሽ፣ ቁንጮዋን ምን አድርጋሽ ነው?»

«አላየኋትማ።»

የደግፌን ትከሻ ለቀቀ።

«ለጋ መሰለችኝ» አለች። «በጣቴ ስይዛት ለጋ መሰለችኝ። ስገነጥላት ነው የወፈረብኝ፤ ያኔ ደግሞ አልቋል።»

 መኳንንት ቁልፉን አሰበ። ምስማሩ ትንሽ ነው፤ ጠረጴዛው ግን ትልቅ። ጨውን አሰበ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ አሰበ። ጨፍና ምስር ስትለቅም፣ መቃኑ ሲመታት፣ ዳዊቷን ከመጽሐፍ ትታ በቃሏ ስትደግም፣ ሁሉንም ዓይኑ እያየ ነበር። አንዱንም ስለ እሷ ነው ብሎ አላሰበም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ መኳንንት መዳቡን ከየጋራዡ ሲለቅም ወርቁ አጠገቡ እየጨለመች ነበር። ቅድም የተደሰተበትን ደስታ አሰበና መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ከፋሲካ። 18 ማዞሪያ እህቴ ጋ ብዬህ የሄድኩት ክሊኒክ ነበር። ግላኮማ ነው አሉኝ። የግራው ሄዷል። የቀኙ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብታው ያቆይልሻል አሉኝ።»

«ምነው ለእኔ ሳትነግሪኝ?»

«አንተ ዛፍህን ይዘህ በደስታህ ያለህ መሰለኝ። ዓይኔ ቢሄድ ጣቴ አይሄድም ብዬ።» ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «መኩዬ፣ አንተ ምንም አልረሳህም። አላየህም እንጂ።»

ደግፌ ብርድ ልብሱን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተ። «እትዬ አስካለ፣ እንግዲህ እጅዎን እስም ዘንድ ይፍቀዱልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ሳማት። ከዚያ ባጃጁ ይጠብቀኛል ብሎ ቶሎ ወጣ።

ጥር አሥራ ሁለት የቃና ዘገሊላ ለት፣ መኳንንት ታቦቱን ሸኝቶ ማኅበሩ ቤት ሳይረግጥ ተመለሰ። ጓደኞቹ አሁንስ በእርግጥ ታሟል አሉ። አስካለ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ወይራዋን አንስቶ ጉልበቷ አጠገብ፣ ዱካ ላይ አስቀመጠላት። እጇን ያዘና አመልካች ጣቷን አንድ ጫፍ ላይ አሳረፈላት።

«ይቺ?»

«አይደለችም፤ እሷን ተዪያት። ከእሷ ቀጥሎ ያለችው።»

«እርግጠኛ ነህ? ይቺ እኮ ክፍተት የምትሞላዋ ነች።»

አጎንብሶ አየ። ልክ ነች። «እሺ፣ እሷንም ተዪያት» አለ እየተቆጣ፣ ግን በራሱ ላይ። ትንሽ እንደ መከራከር አሉ፤ ሦስት ጫፍ ቀነጠሰች። ደብተሩን አውጥቶ «ጥር 12፣ አስካለ፣ ሦስት» ብሎ ጻፈ። የተገነጠለችው ቁንጮ ቁስል ሥር አንዲት የእህል ፍሬ የምታህል ቀይ ጉንቁል ብቅ ብላለች። የአስካለን ጣት ወሰደና ሳያስነካ፣ እንዲያው አየሩ ላይ፣ አቅራቢያዋ አቆመው።

«እዚህ ጋ አዲስ ወጥታለች። ቁንጮ የምትሆነው እሷ ነች።»

«ስድስት ዓመት ነበር አይደል የፈጀብህ?»

«ስድስት።»

«ያኔማ እኔ አላያትም።»

መኳንንት ደብተሩን ከደነ። «እኔ እነግርሻለሁ» አለ። «ቀን በቀን እነግርሻለሁ።»

«ካልረሳህ» አለችና ሳቀች።

እሱ ግን አልሳቀም። ሰዓቱን አየ፤ የጠብታዋ ሰዓት ደርሷል፤ ከቅቤው ጀርባ ሊያመጣላት ተነሳ።